ጎንደር መናፈሻዋን ከየት አገኘች?

ጎንደር መጥቶ "መናፈሻችሁ የት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ አያገኝም። አንዱ ጃንተከል ይለዋል። ሌላው ፋሲል መዋኛ ሂድ ይለዋል። አንዲት እናት ከጠየቀ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግባና ጥላ ሥር ቁጭ በል ትለዋለች። ሦስቱም ልክ ናቸው። ግን ሦስቱም መጀመሪያ ሲጀመሩ መናፈሻ ይሁኑ ተብለው አልነበረም። አንዱ የአደባባይ ጥላ ነው፤ አንዱ የንጉሥ ማረፊያ ነው፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው።

ይህን ታሪክ አሁን ማንሳት ጥሩ ነው። ከተማችን በኮሪደር ልማት ሥራ ላይ ናት። መንገድ ዳር ሣር እየተነጠፈ፣ አበባ እየተተከለ፣ መቀመጫ እየተሠራ ነው። ከዚህ ሁሉ የትኛው ለልጆቻችን ይደርሳል? መልሱ ያለው ከድሮዎቹ ዘንድ ነው። ጎንደር ውስጥ ዘመን የተሻገረውን አረንጓዴ ቦታ ሁሉ ብታዩት አንድ የጋራ ነገር አለው፦ ሥራ አለው። ሰው በዓመት ውስጥ ለሆነ ጉዳይ ይፈልገዋል። ስለዚህ ይጠብቀዋል።

ከአዘዞ እንጀምር። ብዙ ሰው አዘዞን በአውሮፕላን ማረፊያውና በጦር ሰፈሩ ነው የሚያውቃት። የአካባቢያችን የተክል ቦታ ታሪክ ግን ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት እዚያ ተጀምሯል። የፋሲል አባት አፄ ሱስንዮስ በ1610ዎቹ ዓ.ም. ገነተ ኢየሱስ የሚባለውን ስፍራ አዘዞ ላይ አቆሙ። ቤተ ክርስቲያን ነበረው፤ ቤተ መንግሥት ነበረው፤ የውኃ ገንዳና የተክል ቦታም ነበረው። ያኔ የፖርቱጋልና የስፔን ኢየሱሳውያን ካህናት በንጉሡ ዙሪያ ነበሩና የአሠራሩ ዘዴ የእነሱ እጅ አለበት። ሱስንዮስ ሲሞቱም የተቀበሩት እዚያው ነው። በኋላ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው የገንዳውንና የግንቡን ፍራሽ አጥንተዋል። ግንብ፣ በመሐሉ ውኃ፣ በዙሪያው ዛፍ፦ ይህ ሐሳብ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ከአዘዞ ወደ ጎንደር የመጣ ይመስለኛል።

አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ሲመሠርቱ ቦታውን በዘፈቀደ አልመረጡትም። በአንድ በኩል አንገረብ፣ በሌላ በኩል ቀሃ ይወርዳሉ። ሁለቱም መገጭ ገብተው ወደ ጣና ይሄዳሉ። ከተማዋ የተቀመጠችው በሁለቱ ወንዞች መካከል ባለው ጉብታ ላይ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ። ነፋሻ ናት፤ ለመከላከል ትመቻለች፤ ውኃው ግን ታች ነው። ይህች ነጥብ ትያዝልኝ። ስለ ጎንደር ዛፍና ሣር የሚነሳው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ውኃው ከታች፣ ሰው ደግሞ ከላይ ወደ መሆኑ ይመለሳል።

የፋሲል ግቢ ራሱ ወደ 70,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። በኳስ ሜዳ ብንለካው አሥር ሜዳ ያህል ነው። ዙሪያው 900 ሜትር የሚሆን ቅጥር፣ 12 በሮች አሉት። ዛሬ ስንገባ ሣርና ዛፍ መሐል የቆሙ ግንቦች እናያለን፤ ለጥ ያለ መናፈሻ ይመስለናል። በነገሥታቱ ዘመን ግን ይህ ግቢ ጢም ያለ ነበር። ድንኳኑ፣ ማድ ቤቱ፣ የፈረስ ቤቱ፣ የአንበሳ ቤቱ፣ የጠጅ ቤቱ፣ ጠባቂው፣ ባለጉዳዩ። ባዶው ሜዳ የመጣው መንግሥቱ ከሄደ በኋላ ነው። እንጨት ቤቱና ጭቃ ቤቱ ጠፋ፤ ድንጋዩ ቀረ፤ በመሐሉ ሣር በቀለ። ስለዚህ ዛሬ የምናየው አረንጓዴ ከነገሥታቱ የአትክልት ቦታ ይልቅ የመፍረሱ ምልክት ነው።

ተራው ሕዝብ የነበረው ከቅጥሩ ውጭ ነው። ከበሮቹ አንዱ ፊት በር ነው፤ የጃንተከል በርም ይባላል። አዋጅ የሚሰማው፣ ፍርድ የሚጠበቀው፣ ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ የሚያርፈው በዚህ በኩል ባለው አደባባይ ነበር። ጃንተከል ዋርካ ለጎንደር ሰው ከዛፍ በላይ ነው የምንለው ለዚህ ነው። መሰብሰቢያ አዳራሽ ባልነበረበት ዘመን ዋርካ አዳራሽ ነበር። ይህ የጎንደር ብቻ አይደለም፤ በአማራ አገር ሁሉ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ እርቅ የሚወርደው፣ ዕድር የሚመከረው ዋርካ ወይም ሾላ ሥር ነው። እንዲያ ያለ ዛፍ ማንም በመጥረቢያ አይደፍረውም። ማን ይጠብቀዋል ቢባል፣ የሚቀመጥበት ሁሉ።

አሁን ወደ ፋሲል መዋኛ እንሂድ። እዚህ ጋ ትንሽ ረጋ ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጎንደር ውስጥ አንድ የንጉሥ ቦታ እንዴት የሕዝብ እንደሚሆን እንደዚህ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ስፍራ የለም።

መዋኛው ከግቢው ወደ ሰሜን ምዕራብ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከቀሃ ወንዝ አጠገብ ነው። በግንብ የታጠረ ሰፊ ቅጥር፣ በመሐሉ ጥልቅ ገንዳ፣ ገንዳው ውስጥ በድንጋይ ቅስቶች ላይ የቆመ ፎቅ ቤት። በትውፊት የአፄ ፋሲል ሥራ ነው ይባላል። ቦታው የተመረጠው በውኃው ነው። ቀሃ ቅርብ ስለሆነ ውኃውን በቦይ መሳብ ይቻላል። ላይ ግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ ገንዳ መሙላት የማይታሰብ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ገንዳው የጥምቀተ ባሕር ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ባዶ ነው። ጥር ሲቃረብ ውኃ ይለቀቅበታል። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ከየአጥቢያው ወርደው እዚያ ያድራሉ። ካህናቱ ሌሊቱን ሲያመሰግኑ ሕዝቡም ከዛፎቹ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ሲነጋ ውኃው ይባረካል፤ ወጣቱ ይዘላል። የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲገባ ብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን ያየነው ይህን ገንዳ ነው።

ዛፎቹን ቀረብ ብላችሁ እዩዋቸው። አጥሩ ላይ የበቀሉት የዋርካ ዘሮች ናቸው። ማንም አልተከላቸውም። ወፍ ፍሬውን በልታ ግንቡ ላይ ታርፋለች፤ ዘሩ በኩሷ ይወርዳል። በሁለት ድንጋይ መሐል ያለችው ጥቂት አፈርና ኖራ ለመነሻ ትበቃዋለች። ከዚያ ሥሩ አፈር ፍለጋ በግንቡ ፊት ቁልቁል ይወርዳል። ቀጭን ሆኖ ይጀምራል፤ መሬት ሲነካ ይወፍራል። ዛሬ አንዳንዱ ሥር ከሰው ወገብ ይበልጣል። እዚህ ላይ ነው ለቅርስ ጠባቂዎች ጭንቅ የሚመጣው። ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን ይገፋል፤ ግንቡን ያፈርሳል። ነገር ግን ግንቡ አንዴ ከተላቀቀ በኋላ አቅፎ የያዘው ያው ሥር ነው። ዛፉን ብትቆርጡት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ክፍተቱ ይቀራል፤ ድንጋዩ ይወርዳል። ስለዚህ አዲስ የሚበቅለውን ቡቃያ በየዓመቱ መንቀል፣ የቆየውን ደግሞ እየተከታተሉ መኖር ይሻላል። ጥገናውም በኖራ እንጂ በሲሚንቶ ሊሆን አይገባም። ሲሚንቶ እርጥበት ውስጥ አፍኖ ይይዛል፤ ድንጋዩን ያበላሻል። ኖራ ግን ያስተነፍሳል።

መዋኛው እንዲህ የቆየው ጥምቀት ስላለ ነው። በዓመት አንዴ ታቦት የሚያድርበት ቦታ ቆሻሻ አይጣልበትም፤ ዛፉ ለማገዶ አይወርድም። ገንዳው ቢሰነጠቅ ከተማው ሁሉ "ለጥምቀት ይድረስ!" ይላል። ከዚህ የተሻለ የጥገና ቀነ ገደብ የትም የለም።

በአብያተ ክርስቲያናቱ ያለውም ነገር ይኸው ነው። ጎንደር በ44 ታቦቷ ትጠራለች። ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ ብትመለከቱ፣ ክብ ሆኖ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ባያችሁበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አለ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ውስጥ የጽድና የወይራ ጥላ አለ። ዙሪያውን በ12ቱ ሐዋርያት አምሳል የተሠሩ 12 ክብ ማማዎች ያሉት ግንብ ከቦታል። ጽድና ወይራ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ በከተማው ውስጥ እጅግ ተመናምነዋል። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ግን አሉ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ዛፉ የታቦቱ ልብስ ነው፤ አይቆረጥም። ጥላው ደግሞ ለሰው ነው። ሰንበቴው እዚያ ይበላል፤ የቆሎ ተማሪው እዚያ ያጠናል፤ አዛውንቱ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ይጨዋወታል። ለአንድ ሰፈር ከዚህ ወዲያ መናፈሻ ምን ይሁን?

እቴጌ ምንትዋብም ቁስቋም ላይ ከከተማው ወጣ ብለው በተራራው ግርጌ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲመጣ እንግድነቱ እዚያ ነበር። ነፋሱና ዛፉ ዛሬም ለእግር ጉዞ ይጠራል።

ቀጥሎ የመጣው ክፍለ ዘመን ለጎንደር መራራ ነው። በ1850ዎቹ አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ሁለት ጊዜ ዘረፉ፤ በ1880 የሱዳን ደርቡሾች አቃጠሏት። አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ሲነዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ ንብ ወጥታ አባረረቻቸው ይላሉ አባቶች። ሰው ሲሰደድ ፍርስራሹን ቁጥቋጦ ወረሰው።

ጣሊያን በመጋቢት 1928 ገባ። ጎንደርን የአማራ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ፕላን አወጣላት። ዛሬ ፒያሳ የምንለው፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ከግቢው በስተሰሜን ያሉት ቅርጻቸው የተለየ ቤቶች የዚያ ዘመን ናቸው። የታቀደ መንገድ፣ የመንገድ ዳር ዛፍ፣ የአበባ አጥር ያለው ቪላ፦ ይህ ሁሉ ለጎንደር አዲስ ነበር። ከውጭ ያየ ሰው ስልጣኔ ይለው ይሆናል።

ያ አረንጓዴ ለማን እንደነበረ ግን መርሳት የለብንም። የፋሽስት ከተማ ፕላን ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር የሚለይ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸው በሙሉ አረንጓዴ ቀጠና የሚባለው አንዱ ሥራው በሁለቱ መካከል ክፍተት ማበጀት ነበር። ሜዳውና ዛፉ ሰው የሚገናኝበት ሳይሆን ሰው የሚለያይበት ድንበር ሆነ። ከጃንተከል ዋርካ ሥራ ጋር አስተያዩት። እኔ በበኩሌ የፒያሳን ዛፎች ጥላ ስወድ ይህንን አብሬ አስባለሁ። ዛፉ ምን በደለ? የተተከለበትን ምክንያት ማወቅ ግን ዕዳችን ነው።

ጎንደር በኅዳር 1934 ነጻ ወጣች። ጣሊያን በኢትዮጵያ ምድር በመጨረሻ እጅ የሰጠው እዚህ ነው። በውጊያው የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ግቢውንም ጎድቶታል። ቪላዎቹ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ባለሥልጣን ተላለፉ። በ1947 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነው። እነዚህ ተቋማት ሰፋፊ ግቢ፣ ዘበኛና አትክልተኛ ስለነበራቸው ዛፍ አሳደጉ። ችግሩ በር ላይ "ወዴት ነህ? ማንን ፈልገህ ነው?" መባሉ ነው። ዛፉ የመንግሥት ነው፤ ጥላው የሠራተኛው።

ከዚያ አዋጅ ቁጥር 47/1967 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ብዙ ቤት ለቀበሌ ገባ፤ አንድ ግቢ ለብዙ አባወራ ተከፈለ። ጓሮው ላይ ሰርቪስ ቤት ተሠራ፤ የሎሚና የኮክ ዛፉ ለማድ ቤት ቦታ ለቀቀ። በዚህ ሰውን መውቀስ አይቻልም፤ መጠለያ ከጥላ ይቀድማል። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። የግል አትክልት ቦታ ሲጠብ የጋራው ያስፈልግ ነበር፤ የጋራው ደግሞ በዚያ ፍጥነት አልሰፋም። ፋሲል ግቢ በ1972 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ለጥበቃው ትልቅ ነገር ነው፤ መግቢያው ግን በትኬት ሆነ።

ሕዝቡስ? በ1987 ቆጠራ ጎንደር 112,249 ነዋሪ ነበራት። በ1999 ቆጠራ 207,044 ደረሰ። በ12 ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህ ሁሉ ሰው ቤት ይሠራል፤ ማገዶ ያነዳል። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ኮረብቶቹን የወረሰው ለዚህ ነው። ቶሎ ይደርሳል፤ አጠናና ማገዶ ይሆናል። ከሥሩ ግን ሣር እንደልብ አይበቅልም፤ አፈሩም ይሸረሸራል። የሚሸረሸረው አፈር ወደ አንገረብ ግድብ ይወርዳል፤ ግድቡ በደለል ይሞላል፤ የቧንቧችን ውኃ ይቀንሳል። የኮረብታ ዛፍና የቤት ቧንቧ እንዲህ የተሳሰሩ ናቸው። የቀሃ ዳርቻም በየሰፈሩ ቆሻሻ ይዘንብበታል። በተፈጥሮው ከሁሉ የሚሻለው መናፈሻ ያ ነበር፤ ውኃው እዚያው ነውና።

አሁን ደግሞ "መናፈሻ" ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንነጋገር። በከተሞቻችን መናፈሻ ሲባል ብዙ ጊዜ ለስላሳና ቢራ የሚሸጥበት ግቢ ነው። ማዘጋጃ ቤት ቦታውን ለነጋዴ ያከራያል፤ ነጋዴው ዘበኛና አትክልተኛ ይቀጥራል፤ ወጪውን ከሂሳብ ያወጣል። አሠራሩ ዛፉን ያቆየዋል። ሆኖም ማኪያቶ ያላዘዘ ሰው ወንበር የለውም። ለእኔ የሕዝብ መናፈሻ መለኪያው አጭር ነው፦ አንዲት እናት ኪሷ ውስጥ ምንም ሳይኖር ልጆቿን ይዛ ገብታ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ትችላለች? ካልቻለች ቦታው ካፌ ነው። ካፌ መጥፎ አይደለም፤ ስሙን ግን እንለይ።

የኮሪደሩ ሥራ በዚህ በኩል ትልቅ ለውጥ ነው። በእግር የሚሄድ ሰው የሚያርፍበት ነጻ መቀመጫ ማግኘቱ ብቻውን ደስ ያሰኛል። የሚያሳስበኝ ሣሩ ነው። ጎንደር ዝናብ የሚጠግባት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከጥቅምት በኋላ እስከ ግንቦት የሚጥለው ጥቂት ነው። በደረቁ ወራት አንድ ካሬ ሜትር ሣር አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ይጠጣል። 1,000 ካሬ ሜትር ከሆነ በቀን ከ4,000 እስከ 5,000 ሊትር ማለት ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቆጠር ከ200 እስከ 250 ጀሪካን። በየቀኑ! ሰፈሩ ውኃ በፈረቃ እየጠበቀ ያንን ሣር በቧንቧ ማጠጣት አይቻልም፤ ቢቻልም ነዋሪው አይታገሰውም፤ እውነቱንም ነው።

ዛፍ ግን ሌላ ነው። የአገር ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት አንድ ጀሪካን ካገኘ ከዚያ በኋላ ሥሩ ራሱን ይችላል። የአንድ ትልቅ ዋርካ ጥላ 25 ሜትር ስፋት ቢኖረው ወደ 490 ካሬ ሜትር መሬት ያጠልላል። ከሥሩ ሣር ባይኖርስ? ጃንተከል ሥር ይቀመጥ የነበረው ሕዝብ ሣር አልፈለገም፤ ድንጋይና ጥላ በቃው።

ስለዚህ አዲስ ቦታ ሲታቀድ ከሥዕሉ በፊት ሦስት ነገር ቢጠየቅ እላለሁ። አንደኛ፣ ሚያዝያ ላይ የሚያጠጣው ማን ነው፤ ውኃውስ ከየት ነው? ከቀሃ ወይም ከአንገረብ ዳር ከሆነ መልሱ ቅርብ ነው፤ መጀመሪያ ግን ወንዙ ከቆሻሻ መጽዳት አለበት። ሁለተኛ፣ ሥራው ምንድን ነው? የሰፈር ዕድር የሚሰበሰብበት፣ ተማሪ የሚያጠናበት፣ በበዓል ችቦ የሚበራበት ከሆነ ጠባቂ አያጣም። ለማየት ብቻ ከሆነ ዘበኛ ያስፈልገዋል፤ የዘበኛው ደመወዝ ደግሞ በየዓመቱ በጀት ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ምን ይተከላል? ከቅርስ ግንብ ራቅ ባለ ሜዳ ላይ ዋርካና ሾላ፤ በግንብ አጠገብ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ለመንገድ ዳር ወይራ፤ ሥሩ አስፋልት እንደ ዋርካ አያነሳም። ለቁልቁለትና ለወንዝ ዳር ገደል ጽድና የአገር ቁጥቋጦ፣ አፈሩን ይይዛሉና።

መትከያው ሐምሌ ነው፤ መሬቱ ከራሰ በኋላ፣ ክረምቱ ገና ብዙ ሲቀረው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚተከል ችግኝ ሥር ሳይሰድ በጋው ይደርስበታል። ቁጥር ለማስመዝገብ ሺህ ተክሎ ከመሄድ፣ በአንድ ሰፈር ሃያ ተክሎ እያንዳንዱን ለአንድ ቤተሰብ በአደራ መስጠት ይሻላል። ጀሪካኑን ከኅዳር ጀምሮ እስከ ግንቦት በሳምንት አንዴ የሚያፈሰው ያ ቤተሰብ ነው፤ በሁለተኛውም በጋ እንደዚሁ።